ከመጀመሪያው ገጽ የታወቀው ከሃዲ

«ከሃዲው ይኼ ነው» አሉ ጎረቤቴ አያ ፈንቴ፣ ገና የመጀመሪያውን ገጽ እንደገለጡ።

ጓደኛዬ ሙሉቀን የሣለው የልዕለ ጀግና ኮሚክ ታትሞ፣ ዛሬ ፀዳ ከተማ ውስጥ እስካለችው ሱቄ ድረስ ይዞት መጥቶ ነበር።

ሥዕሉን ብታዩት። ጀግናው ጋቢውን እያውለበለበ በአዘዞ ላይ ሲበር ነፋሱ ፊታችሁን የሚመታችሁ ይመስላችኋል።

ታሪኩ ግን ያለው አንድ ምሥጢር ብቻ ነው፦ የጀግናው የልብ ወዳጅ ከሃዲ መሆኑ በመጨረሻው ገጽ ይታወቃል።

«በምን አወቁ?» አለ ሙሉቀን፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

«በአንድ ዓይን ሥለኸው የለ እንዴ?»

ሙሉቀን ሥዕል የተማረው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። እዚያ ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። እጁ ለምዶበት ከሃዲውን በየገጹ እንደዚያው ሥሎታል። (ይሁዳ እንኳ እንዲህ ቶሎ አልተነቃበትም።)

«ሥዕሉስ ሸጋ ነው» አሉት አያ ፈንቴ፣ ሊያጽናኑት።

እኔን የቆጨኝ ይኼ ነው። ሳይታተም በፊት ረቂቁን አሳይቶኝ «ታሪኩ እንዴት ነው?» ብሎኝ ነበር። ከሃዲው ገና ከጅምሩ እንደሚታወቅ ታይቶኝ ሳለ «ሥዕሉ ግሩም ነው» አልኩት።

እናንተስ፣ ስለ ታሪኩ ተጠይቃችሁ ስለ ሥዕሉ የመለሳችሁበት ቀን አለ?