ጎንደር ያልወረድኩባት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ጋሽ ውብሸት ከጎንደር ሆስፒታል ወጥተው ደባርቅ ገቡ። ልባቸውን አሟቸው ለጥቂት ነው የተረፉት። ልጠይቃቸው ብሄድ የመድኃኒታቸውን ፌስታል ከራስጌያቸው አንስተው፣ «እስኪ አንብቢልኝ፣ አስተማሪዋ። ይህን ደም ያቀጥናል የሚሉትን እስከ መቼ ነው የምውጠው? አሁን እኮ ድኛለሁ» አሉኝ።

«እንዳያቆሙት!» አልኩ። ድምፄ ከልክ በላይ ስለወጣ ሚስታቸው ደንግጣ ከጓዳ ብቅ አለች። አፍሬ ወረቀቱን ቀስ ብዬ አነበብኩላቸውና ወጣሁ።

አባቴ በቅሎ ነጂ ነበሩ። የስሜንን ተራራ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ጓዝ ጭነው አምቢኮ ድረስ ያደርሱ ነበር። በእግራቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው፤ ጠዋት በሶአቸውን በጥብጠው ጠጥተው ከወጡ ቀኑን ሙሉ ቁጭ አይሉም። እኔ እሳቸው የታመሙ ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ዳባት በአስተማሪነት ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአምቢኮ እየተመለሱ ሳለ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። ቃር መስሏቸው ውኃ ጠጡበት። ላብ አጠመቃቸው፤ ግራ ክንዳቸው ዛለ። አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች በገዛ በቅሏቸው ላይ ደግፈው አወረዷቸው። ጎንደር ስናደርሳቸው ሐኪሟ የልባቸው ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ እንደነበር ነገረችን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

ሲወጡ ሁለት ዓይነት ኪኒን ተሰጣቸው። ሐኪሟ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንዱን ቢያንስ አንድ ዓመት፣ አስፕሪኑን ግን ዕድሜ ልክ» አለችኝ። «ደሙ እንደገና እንዳይረጋ የሚጠብቃቸው ይህ ነው። ሕመሙ ጠፋ ተብሎ አይተውም። ማንም ተው ቢላቸው እኔን ሳትጠይቁ እንዳያቆሙ።» እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከዳባት ጎንደር ወርጄ፣ መድኃኒቱን ይዤ ደባርቅ እወጣ ነበር። ያኔ መንገዱ አስፋልት አልነበረም፤ የወገራ አቧራ ቅንድብ ላይ ይጋገራል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ በመስኮት እያየሁ እበላለሁ። ዛሬ ሳስበው ደስ የሚል ጉዞ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሰልችቶኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ገና ሲቃረብ አባቴን መንጋጋቸውን አመማቸው። ጥርስ የሚነቅለው ሰው የሚወስዱትን መድኃኒት ሲሰማ፣ «ደሙ አይቆምልዎትም፤ አምስት ቀን ያቁሙት» አላቸው። አቆሙ፤ ጥርሱም ተነቀለ። ሐኪሟን የጠየቀ ሰው የለም። አምስቱ ቀን አለፈ፤ ሳምንት ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ሆነ።

ጥር ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት ሰሞን፣ ደባርቅ ስሄድ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩኝ። መድኃኒቱን በሚወስዱበት ጊዜ ትንሽ ነገር በነካቸው ቁጥር ይበልዝ የነበረው ቆዳ ጠርቷል።

«እዪው፤ ደሜ ተመለሰልኝ።»

«አባባ፣ መድኃኒቱን አልጀመሩም እንዴ?»

«ደህና ነኝ እኮ፣ ልጄ። ትናንት ዳገቱን ወጥቼ ስመለስ ትንፋሽ እንኳ አላጠረኝም። የቀረውም ለሳምንት አይበቃ። ለመሆኑ የፊታችን ቅዳሜ ጎንደር ትወርጃለሽ?»

የፊታችን ቅዳሜ የጓደኛዬ ሠርግ ነበር። አብራኝ የምታስተምር፣ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ጓደኛዬ ናት። ሚዜዋ እኔ ነኝ፤ ቀሚሴ ተሰፍቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«ለሚቀጥለው ወር ባደርገውስ?» አልኩ።

«አድርጊው። ሂጂ ተጫወቺ፤ ልጅነትሽን በእኔ መድኃኒት አትፍጂው።»

ቀለለኝ። እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ መቅረቴን ብቻ አይደለም፤ ያን ጊዜ የቀለለኝን ነው። ሠርጉ ላይ እግሬ እስኪያብጥ ጨፈርኩ።

የካቲት ላይ አንድ ሐሙስ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለ ዘበኛው በሩን አንኳኳ። «አስተማሪ፣ ከደባርቅ ሰው መጥቷል።» አጎቴ ነበሩ። ፊታቸውን ሳይ ጠመኔውን አስቀምጬ ተከተልኳቸው። አባቴ ያን ጠዋት በቅሎ ሲጭኑ፣ ጠፍሩን እያጠበቁ ሳለ «ቆይ፣ ልቀመጥ» ብለው ድንጋይ ላይ አረፉ። ከዚያ አልተነሡም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ቀናቸው ደርሶ ነው» እያለ አጽናናን። እናቴም እንደዚያው አለች። መድኃኒቱን ቢቀጥሉ ይተርፉ ነበር? አላውቅም። ከዓመታት በኋላ የጠየቅኩት ሐኪምም ቁርጡን ሊነግረኝ አልቻለም።

ያን ዕለት ከጋሽ ውብሸት ቤት ስመለስ እናቴ ደጅ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ዓይኗ ደክሟል፤ ጠጠሩን የምትለየው በጣቷ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩና ከሃያ ዓመት በላይ በሆዴ የያዝኩትን ሁሉ ነገርኳት።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ ነው አንቺ፣ እማዬ?»

«አምስቱ ቀን ሲሞላ ሊውጠው አንስቶ ነበር። ነስር በመታው ቁጥር ትራሱ በደም ሲርስ እያየሁ ፈርቼ ነበር የከረምኩት። ‹ተው እባክህ፣ ትንሽ ሰንብት› አልኩት። እሺ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። አንቺ ይህን እንዳታውቂ ስሰጋ ኖርኩ።»

አንድ ጣራ ሥር እየኖርን፣ አንዱን ጥፋት ለየብቻችን ደብቀን አርጅተናል። ማናችንም ክፉ አላሰብንም፤ እሷ ፈራች፣ እኔ ሰለቸኝ፣ እሳቸው የዳኑ መሰላቸው። ሐኪሟ ግን የግማሽ ቀን መንገድ ርቀት ላይ ነበረች።

ስለተካፈልነው ሐዘኑ አልቀለለም። ትናንት እራት ላይ ግን እናቴ ሳልጠይቃት፣ «አባትሽ ጎረምሳ ሳለ እኮ…» ብላ ጀመረች። እሳቸውን ከቀበርን ወዲህ እንዲያ ስታነሣቸው ሰምቻት አላውቅም። የቆረስኩትን እንጀራ ሳልጎርስ አዳመጥኳት።