ለአዋቂ የማይሸጥ ሽጉጥ

በደርግ ጊዜ ነው፤ አብዮት ጥበቃ በየመንገዱ ሰው እያስቆመ በሚፈትሽበት ሰሞን። ለልጄ ቃል የገባሁለትን የፕላስቲክ ሽጉጥ ልገዛ አዋሳ ፒያሳ፣ አሻንጉሊት ከሚሸጡት ጋሽ ዳንጊሶ ሱቅ ገባሁ። ጥቁሩን አንስቼ አገላበጥኩት። ቁርጥ እውነተኛውን ነው የሚመስለው።

«ይኼን ይስጡኝ።»

«እሱን ለአዋቂ አልሸጥም» አሉኝ።

«አሻንጉሊት እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ልጁን ይዘኸው ና፤ በእጁ እሰጠዋለሁ። ቢጫውን ከፈለግክ ግን አሁኑኑ ውሰድ።»

«ቀበሌ ነው የከለከለዎት?»

«ማንም አልከለከለኝም። ራሴ ነኝ ያቆምኩት።»

ንዴቴ መጣ። ልጄ ያለኝ ጥቁሩን ነው፤ እኔም ሲፈጥረኝ እልኸኛ ነኝ። ሽጉጡን እንደያዝኩ ስከራከር የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሽጦ ገባ። ዓይኑን እጄ ላይ ተከለ። ላስቀምጠው ብል ጣቴ ቃታው ውስጥ ተሰንቅሯል፤ ብጎትተው አልወጣ አለ። ከዚህ ባነሰ ነገር ተይዘው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ። «የልጅ ነው፣ ጓድ» አልኩት ጣቴን እየጎተትኩ።

ሰውየው በሩን ገርበብ አደረገና ወደ ባንኮኒው ተጠጋ። የወገቡን ሽጉጥ መዝዞ ፊታችን አስቀመጠው። ጋሽ ዳንጊሶ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ጋሼ» አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቃታው ተሰበረብኝ። ይኼ ሰውዬ በያዘው ይቀይሩልኝ።»