ለእህቴ ተዝካር ወደ ዓለም ከተማ

አተት የሚሉት የተቅማጥና ትውከት በሽታ መርሐቤቴ ቆላ ገባ በተባለበት ክረምት ከመንዝ ዘመሮ ወደ ዓለም ከተማ የሄድኩት ለታናሽ እህቴ ለብርቄ የአርባ ቀን ተዝካር ነው። ብርቄ እዚያ አግብታ ስትኖር በወሊድ ደም ፈሷት ከነልጇ ሞተች። ባሏ ታደለ ይህንኑ በስልክ ነግሮናል። እኔንና እናቴን በግቢያቸው የሚያኖሩን አጎቴ ጋሽ ሽፈራው ግን አላመኑም።

«ዘንድሮ ቆላ የሞተ ሰው በምን እንደሞተ መች ይጠፋኛል» አሉ። ወደ እናቴ ዞረውም፣ «አንቺም እናት ነኝ ብለሽ እንዳትነሺ። በሽታ ይዘሽብን ልትመጪ ነው?» አሏት።

ዘመዱ ሁሉ በእሳቸው ቃል ቀረ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ ቆማ ሸኘችኝ።

መንገድ ላይ

አዲስ አበባ አድሬ በማግስቱ የመርሐቤቴ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለሚ ስንደርስ ለምሳ ቆምን። ምግብ ቤቱ ባዶ ነበር።

«ድሮ በዚህ ሰዓት መቀመጫ አይገኝም ነበር» አለችኝ ባለቤቲቱ፣ የሚንተከተክ ሽሮ እያቀረበችልኝ። «አሁን እኔንም እንደ በሽተኛ ያዩኛል።»

ከእኔ በቀር የበላ የለም። ሌሎቹ ብስኩት ገዝተው ተመለሱ። እነዚያው ሰዎች ግን መኪናው ሲነሳ፣ ከመንገድ ዳር በጄሪካን የተቀዳ ውሃ በአንድ ኩባያ እየተቀባበሉ ጠጡ።

ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። ከታች ገደል ነው። ስለ ፍሬኑ ማንም ትንፍሽ አላለም። ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ «መስኮቱን ዝጉት እባካችሁ፣ በሽታው ከወንዙ በነፋስ ይመጣል!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ዘጋ፤ በሙቀት ታፍነን ተሻገርን።

ዓለም ከተማ

ታደለ ሰፊ ዳስ ጥሏል። በግ አርዷል፣ ጠላው ተጠምቋል። መኪና በተሰማ ቁጥር ብድግ እያለ መንገዱን ያያል።

«የመንዝ ዘመዶቿ ይመጣሉ ብዬ ነበር» አለኝ። «እናቷስ?»

«ከለከሏት።»

«እኛን ፈርተው?» ድምፁ ተሰበረ። «ደም ነው እኮ! ሐኪሙ እፊቴ ነው የተናገረው።»

ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ትንሽ ቀመሱና ሄዱ። የከተማው ሰውም ተፈራርቶ አልመጣም። ሀሊማ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ጎረቤታቸው ብቻ ሱቋን ዘግታ መጣች። ሥጋችንን አትበላም፤ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ስለ ብርቄ እያወራችኝ እስኪመሽ ከጎኔ ተቀመጠች። የተረፈውን ድግስ ለነዳያን ሰጠነው።

መመለስ

ዘመሮ ስደርስ ጋሽ ሽፈራው ከግቢው በር ላይ አስቆሙኝ።

«እዚያው ቁሚ! ለጊዜው ሌላ ማደሪያ ፈልጊ።»

አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ ከክርስትና ድግስ መመለሳቸው ነበር። የሄዱበት መንደር ደግሞ የአተት በሽተኞች በቃሬዛ የወጡበት ነው።

«እዚያስ በሽታ የለም ጋሼ?» አልኳቸው።

«የወዳጅ ድግስ ይቀራል እንዴ!» አሉኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንን ነው፤ ሰው ልቡ በፈቀደው መንገድ ላይ አደጋ አይታየውም፤ ላልፈቀደው መንገድ ግን በሽታ ጥሩ ምክንያት ይሆነዋል።

እናቴ ድምፄን ሰምታ ወጣች። ከአጎቴ ጀርባ ቆማ፣ «ማን ተቀመጠላት?» አለችኝ።

«ጎረቤቷ። ሀሊማ የምትባል።»

«ባዕድ?»

«ባዕድ።»

ከዚያ ወንድሟን ገፋ አድርጋ አለፈችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ጋሽ ሽፈራው ተመልሳ እንድትገባ አንድ ጊዜ ጠሯት። አልዞረችም። በሩን ከኋላዋ ዘጉት።