እንሰታችን የሄደበት

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የጃንሆይ፣ ቤታችን ኮንጋ፣ የቡናና የእንሰት አገር። እናቴ ወንድሜን ወልዳ በአራስነቷ ስለሞተች፣ የአባቴ እህት ልታሳድገን መጥታ ከእኛው ጋር ትኖር ነበር። በዚያ ዓመት ቡናው አልያዘም። ጓሮ ያለው እንሰት ብቻ ቀረን፤ እሱንም ከአንዲት ላም ጋር ነበር የምንካፈለው። ሣር የሚበቅልበት ባዶ መሬት እኛ ሠፈር ከየት ተገኝቶ!

አክስቴ በየጠዋቱ ቅጠሉን ስትቆርጥላት አባቴ ደጃፍ ቆሞ ያያል። ቅጠሉን የተገፈፈ እንሰት አይወፍርም። ቅጠሉ ሲሳሳ ደግሞ ግንዱን ራሱን ከትፋ ትሰጣት ጀመር።

«እህት ዓለም፣ ይኼን እኛ ብንበላው ስንት ቀን በከረምንበት! እሷ ውጣው የምትመልሰው አንድ ጣሳ ወተት ነው።»

«ታዲያ ለሕፃኑ ቆጮ ላጉርሰው? ጥርሱን አንተ ታበድረዋለህ?»

«የቀረውስ የት ገባ?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ሆዷ ውስጥ ገብተህ ፈልገው።»

እኔ ግን የገባበትን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ላሚቱ የምትታሰረው ከእኛው ጋር፣ ቤት ውስጥ ነው። ሲመሽ ጎኗን ተደግፌ እቀመጣለሁ። ታመሰኳለች፣ ትተነፍሳለች፤ ጀርባዬ ይሞቃል። እንሰታችን እዚህ እየነደደ ነው እል ነበር በልቤ። ስንት ዘመን ቆይቶ፣ ፊደል የለየሁበት የልጆቼ መጽሐፍ፣ ጉልበት ከተክል ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳ ወደ ሰው ሲያልፍ ብዙው ሙቀት ሆኖ መንገድ ላይ ይቀራል ሲለኝ አልገረመኝም። ጀርባዬ ያውቀዋል።

እንሰቱ ሲያልቅ ጣሳው ጎደለ። ኋላም ወተቱ የጣሳውን ታች ብቻ የሚያርስ ሆነ። ወንድሜ ማልቀሱን ተወ፤ እኔ ተሻለው ብዬ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አልነቃም። ጎረቤት መጣ፣ አለቀሰ፣ ቀበረ፣ ሄደ። እኔ እንባ ብፈልግ አጣሁ።

በማግስቱ አክስቴ እንደ ልማዷ አለበች። የወጣችውን ወተት ለእኔ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁት። ምንም ምንም አላለኝም። ከዚያ የላሚቱን አዛባ በቅርጫት ተሸክማ ጓሮ ወረደች። እንሰቱ የተነቀለበትን ጉድጓድ አሰፋች፣ አዛባውን አፈሰሰች፣ ችግኝ ተከለችበት።