ቧንቧ ሠሪው ሚስቱን ሆቴል የወሰደ ጊዜ

ሰፈር ውስጥ «ጠብታ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት፣ ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጦ፣ ጨዋታው ሲደራ፣ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ከጓዳ የሚንጠባጠብ ውሃ ስለሚያዳምጥ ነው። ቧንቧ ሠሪ ነው። ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ይህ የሆነው ከተጋቡ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ነው።

ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሁለት ሰዓት በመኪና የሚያስኬድ ቦታ፣ የድሮ ባለርስት የኖረበት ሰፊ የድንጋይ ቤት አለ። ወራሾቹ ሸጠውት ሆቴል ሆኗል፤ ጥንዶች ቅዳሜና እሁድ ይዝናኑበታል። አንድ ቀን የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ለጠብታ ደወለ።

«ማሞቂያው ሲነሣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ ይንኳኳል፤ እንግዶቼ ይደነግጣሉ። ሦስት ባለሙያ አይቶት አቅቶታል። መጥተህ እይልኝ። በክፍያው ፈንታ ጥሩ ክፍል ከነምግቡ እሰጥሃለሁ፤ ባለቤትህንም ይዘህ ና።»

ጠብታ ቤት ሲገባ ሚስቱ የተማሪዎቿን ደብተር ታርም ነበር። «ለሃያኛ ዓመታችን ሽርሽር ልወስድሽ ነው» አላት። የቀረውንም ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። እሷ ግን እስክሪብቶዋን ጥላ ተነሥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ነገሩ ሳይነገር ቀረ። ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገ ሲደርስ ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አውርታ ነበር። ከነገ ወዲያ ደግሞ ፀጉር ሠሪ የሆነችው ታናሽ እህቷ መጥታ ፀጉሯን ሠራቻት፤ አረንጓዴ ቀሚሷንም አዋሰቻት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ነህ ለካ! እኛ ከቧንቧ ሌላ የምታውቀው ነገር ያለ አይመስለንም ነበር» አለችው።

ሳቀ። ሳቁ ለራሱም ደስ አላለውም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረሱ። ክፍላቸው ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ኩሬ ያሳያል። ሚስቱ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች፤ መጋረጃውን ዳሰሰች፤ መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«አንተ፣ ይሄ እኮ ሁለት ሰው ይይዛል!» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

እሱ ጆሮው ግድግዳው ላይ ነበር። ከውስጥ ኳ፣ ኳ፣ ኳኳ ይላል። አየር ገብቶበታል አለ በልቡ። «ትንሽ አየር ልቀበል» ብሏት ወጣ።

ሐሳቡ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነበር። ግን የዚህ ሥራ ነገር፣ አንዱን ሲያጠብቁት ሌላው ይላላል። ምድር ቤት ወርዶ የሕንፃውን ውሃ በሙሉ ዘጋ፤ ዝገት የበላውን ቫልቭ ፈታ፤ ከሥሩ ሌላ የተሰነጠቀ አገኘ። ሰዓቱን ያየው ምሳ ካለፈ በኋላ ነው።

እሷ አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ፣ ለሁለት ሰው የተሰናዳ ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ሾርባው መጥቶ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አስተናጋጇን ጠራቻት።

«ባለቤቴን አይተሽዋል? ረጅም ነው፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰ።»

«ቧንቧ ሠሪው? ምድር ቤት ናቸው» አለች አስተናጋጇ በቅንነት። «አትረብሿቸው ተብለናል። ክፍሉም የተሰጣችሁ በእሳቸው ሥራ ነው አይደል? ታድለው!»

መምህርቷ የራሷን ሾርባ ጠጣች። የእሱንም ጠጣች። ከዚያ ደረጃውን ወረደች።

እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ ተንበርክኮ አገኘችው። ቀሚሱን ሲያይ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ?»

መፍቻውን ከወለሉ አነሣ።

«ለሃያኛ ዓመታችን ነው አልከኝ። ለካ የመጣሁት የሥራህ ጓዝ ሆኜ ነው።»

«ኧረ እንዲህ አትበይ፣ እኔ…»

«ጨርስ» አለችው። «ሰዎቹ ውሃ ይፈልጋሉ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። የከሰዓቱን አውቶቡስ ይዛ ሄደች። ተከትሏት ሊወጣ እጁን ጠረገ፤ ግን ሕንፃው ሙሉ ያለ ውሃ ነው፣ ቫልቩም እንደተፈታ ነው። ተመልሶ ተንበረከከ። ሲጨርስ ቧንቧው ጸጥ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ጠብታ ግን ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ቤት ሲገባ ኩርፊያ ጠብቆ ነበር። ያገኘው ሌላ ነው። በሳምንቱ እህቷ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ኩሬውን እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ስትዞሩት ዋላችሁ አሉ! በረደኝ ስትል ሹራብህን አውልቀህ ደረብክላት አሉ!» አለችው። ሚስቱን አያት። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ቀና አላለችም። ትምህርት ቤቱም ያንኑ ከእሷው ሰምቷል። በር ላይ ሲጠብቃት ባልደረቦቿ «ባል እንደ እርስዎ ነው» ይሉታል። እያንዳንዱ ምስጋና እንደ ሚስማር ይገባበታል።

ሦስት ሳምንት ቻለ። አንድ እሁድ ምሳ ላይ እህቲቱ ያንን ወሬ ስትደግመው ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ውሸት ነው» አለ። «ቧንቧ ልሠራ ነው የሄድኩት። እሷ ብቻዋን በላች፣ ብቻዋን ተመለሰች። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻው ቀለለው። ሚስቱን እስኪያይ ድረስ። ፊቷ አመድ መስሏል። እህቷ የሆነ ምክንያት ፈጥራ በጊዜ ሄደች።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው ሚስቱ። «ከዚያ ቅዳሜ የተረፈኝ ያ ወሬ ብቻ ነበር። አንተ እንዲቀልህ ብለህ እሱንም ወሰድክብኝ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ላይ ነበር። ግን የትኛውን ብሎ ይጀምር?

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ማረፊያ ቤት አገኘና፣ በዚህ ጊዜ ሁሉንም አስቀድሞ ነገራት፦ ማንም አልጠራኝም፣ ሥራ የለበትም፣ ልሙት። «አልሄድም» አለች። አልጨቀጨቃትም። በወሩ ራሷ «ያ ያልከው ቦታ አሁንም አለ?» አለችው።

ሄዱ። ሁለቱንም ቀን ዘነበ። አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዋሉ፤ ስለ ልጅነቷ ሰምቶት የማያውቀውን ነገር አወራችለት፤ እሱም ሰማት፣ ከልቡ ሰማት።

ሲመለሱ እህቷ «እንዴት ነበር?» አለቻት።

«ዝናብ ነበር። በረንዳ ላይ ስናወራ ዋልን። በጣም ደስ አለኝ» አለች።

እህቲቱ ወዲያው ዞር ብላ ጠብታን አየችው። «እውነቷን ነው ጋሼ?»

«እውነቷን ነው» አለ። ሚስቱ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ነበር። ከዚያ በፊት ቃሏን ማንም ተጠራጥሮት አያውቅም።