ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት ቀዳዳው ይታያል

በመጀመሪያ በደሉን ልጻፈው፤ የመንገዱ ወሬ ይደርሳል። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 6 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የእኔ የጀርባ ነገር ለግንበኛ ተነግሮ ለእኔ ሳይነገር ቀረ። ደባቂው የገዛ ልጄ ነው። ነገ ጠዋት ጀርባዬ ይከፈታል፤ እኔው ራሴ ፈርሜያለሁ። ከዚያ በኋላ መጻፍ መቻሌን አላህ ያውቃል፤ ስለዚህ ዛሬ ይመዝገብልኝ።

ለማታውቁኝ፣ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ቸርቻሪ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። የልጅ ልጄ ሰሚራ ስልኬ ላይ በከፈተችልኝ ገጽ ስለ ገበያው ስጽፍ የምታነቡኝ ግን ጠባዬን ታውቃላችሁ። ጣቃው ላይ ቀዳዳ ካለ፣ መቀሱን ከማንሳቴ በፊት ለገዢው አሳየዋለሁ። አይቶ ቢወስደውም ጥሎት ቢሄድም መብቱ ነው። ሳላሳይ የቆረጥኩት ጨርቅ የለም።

እሑድ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ድሬዳዋ

ባጃጁ በር ላይ ሲደርስ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማ ውጭ ነው፤ በመንገዱ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ ወገቤ በስሙ ያውቀዋል።

“አቦ፣ አይዞሽ እማ፣ ቀስ እላለሁ” አለኝ ነጂው።

“ቀስ ካልክማ ባቡሩ ጥሎኝ ይሄዳል። ንዳው! ቀስ ብትልም ብትፈጥንም የሚያመኝ ያው ነው።”

ሕመሙን ላስረዳ። የአከርካሪዬ አጥንት ከቦታው ሾልኮ ነርቩን ተጭኖታል አሉኝ። ግራ እግሬ ከረመዳን ወዲህ የሌላ ሰው እግር ሆኗል። ነጠላ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ሲቀር አይሰማኝም፤ ከኋላ የመጣ ሰው ነው አንስቶ የሚሰጠኝ። ቀኙም መስነፍ ጀምሯል። ቁጭ ስል ወገቤ ላይ ፍም ያስቀመጡብኝ ይመስለኛል። ሌላም አለ፤ ሴት ለሴት የምታወራው ነው፣ ግን እጽፈዋለሁ። ሽንቴ አንዳንዴ አይጠብቀኝም።

ለምን ጅቡቲ? ሐኪምስ አዲስ አበባም አለ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ወራት የሚያስታምም ሰው ያስፈልጋል። ድሬ ያለችው ልጄ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ የእኔም ቤት ደረጃ አለው። ልጄ ጀማል ጅቡቲ ወደብ የትራንዚት ሠራተኛ ነው፤ ቤቱ ምድር ላይ ነው። የአከርካሪዬን ፎቶ እዚያ ላለ ሐኪም በስልክ ላከለት፤ ሐኪሙም “አምጣት” አለው። “ቀላል ነገር ነው እማዬ” አለኝ ጀማል። የተነገረኝ ይኸው ነው።

ሻንጣዬን ለማገገም ነው ያዘጋጀሁት፤ ከፊት የሚቆለፉ ሰፋፊ የድርያ ቀሚሶች፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ፣ በወንበር ላይ ስሰግድ የምለብሰው ሰፊ ሽርጥ። ከዘራዬን በእጄ ይዣለሁ።

ረፋድ ላይ፤ ባቡር ውስጥ

ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው አስካለ ትባላለች። ጅቡቲ ውስጥ በአንድ የፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው ትኖራለች። ፊቴን አይታ ተነሳች።

“እማማ፣ እኔ እቆማለሁ፤ እርስዎ በወንበሩ ላይ ጋደም ይበሉ።”

“ድሬ ላይ አንቱ የለም። አንቺ በይኝ፤ አለዚያ የሞትኩ ይመስለኛል።”

ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ያበጠ መሆኑን አየሁ። አገር ቤት ለምን መጥተሽ ነበር አልኳት።

“አባቴ አርፎ ነው። ‘ትንሽ አሞታል፣ ነይ’ ብለው ደወሉልኝ። ብርቱካን ገዝቼለት ገባሁ። ለካ ከተቀበረ ቆይቷል፤ አርባው ደርሷል። ‘በሰው አገር እንዳትደነግጪ ብለን ነው’ አሉኝ። ብርቱካኑን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።”

“ምን አልሻቸው?”

“ምን እላቸዋለሁ? ለእኔው አስበው ነው።”

“ማሰብ አይባልም፤ ስርቆት ነው” አልኳት። “ለቅሶሽን ነው የሰረቁሽ።”

ስልኳን አውጥታ ቁጥሯን ሰጠችኝ። “ጅቡቲ ውስጥ ፈረንሳይኛ የምትፈልጊበት ቀን ቢመጣ” አለችኝ።

ከመስኮቱ ውጭ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ እሾህ ነው፣ እሾህ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ነው። ግመሎች ባቡሩን ዞረው አያዩትም።

እኩለ ቀን፤ ደወሌ

ድንበሩ ላይ ፓስፖርት ለማስመታት ሰልፍ አለ። በአሮጌው ባቡር ዘመን እዚህ ቦታ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደራርቤ፣ ጣቃ ከወገቤ ጋር ጠቅልዬ፣ የስምንት ወር እርጉዝ መስዬ አልፌያለሁ። ፈታሾች ሆዴን እያዩ መንገድ ይለቁልኝ ነበር። ያ ሁሉ ሸክም ያረፈው እዚህ አጥንት ላይ ነው። ልጆቼ የበሉትም ከዚያው ሸክም ነው፤ አልጸጸትም። ዛሬ ምንም ሳልይዝ መቆም አቃተኝና ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ።

አመሻሽ፤ ነጋድ ጣቢያ፣ ከዚያ ካርቲየ 6

ከባቡሩ ስወርድ ነፋሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። ጀማል ቆሞ ይጠብቀኛል። ይህ ልጅ ሲያገኘኝ አጥንቴ እስኪንቋቋ ነበር የሚያቅፈኝ፤ ዛሬ ክርኔን ብቻ ያዘ። ስለ ወገቤ ብሎ ነው አልኩ።

አረንጓዴና ነጩ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ በሶማልኛ “ሆዮ” አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው። “ሆዮ፣ ከድሬ መጥተሽ ጫት አላመጣሽም?”

“ወገቤን ነው ያመጣሁት፤ ትቅማለህ?”

እስከ ሰፈር ድረስ ሳቀ። ጀማል አልሳቀም።

የጀማል ቤት እንደ ሰፈሩ ቤቶች ሁሉ እንጨትና ቆርቆሮ ነው፤ ግቢው ጠባብ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፍ እንዳይገባ ደጁ ላይ ከፍ ያለ ደረጃ ነበረው። ዛሬ ደረጃው የለም። በቦታው ለስላሳ ተዳፋት ሲሚንቶ አለ፤ ገና አልደረቀም፣ ጣውላ ጣል አድርገውበታል።

“ደረጃው የት ሄደ?”

“ለአንቺ እንዲመች ብዬ ነው እማዬ።”

መረቅኩት። ይህንንም መዝግቡልኝ፤ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ቆሜ ልጄን መረቅኩት።

ሰኞ፣ ጠዋት

ምራቴ ሁዳ ላሖሕ የሚሉትን ስስ ቂጣ በማርና ሻይ ሰጠችኝ። ቤቱን ለማገገሜ ያዘጋጀችበትን እያዞረች አሳየችኝ። አልጋዬ ከአራቱም እግሮቹ ሥር ብሎኬት ገብቶለት ከጉልበት በላይ ሆኗል። ሰው ሁሉ የሚቀመጥበት የምድር ፍራሽ ከግማሽ ቤቱ ተነስቶ ለእኔ ባለ መደገፊያ ወንበር ቆሟል።

“እንግዳ ሁሉ ምድር ላይ፣ አንቺ ከላይ” አለችኝ ሁዳ። “ቃዲ ልትመስዪ ነው።”

“እንግዲያው ክስ ያለው ይቅረብ።”

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከአልጋ የሚነሳው ወገብ ሳይጠማዘዝ፣ እንደ ግንድ በጎን ተንከባሎ ነው። አብረን ተለማመድነው። ሁዳ ትከሻዬንና ዳሌዬን ይዛ ታዞረኛለች። እሷ ናት የምታጥበኝ፤ ለሽንትም እሷ ናት የምትወስደኝ። ዓይኗን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ፤ እሷም ጣሪያውን አየች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን።

ጓሮ ወጣሁ። የሽንት ቤቱ ግድግዳ ፈርሶ በሩ ሰፍቷል፤ ቁጢጥ የሚባልበት የምድር ጉድጓድም በመቀመጫ ተተክቷል። የወሎ ልጅ የሆነ ሰይድ የሚባል ግንበኛ ጠርዙን ይለስናል።

“እንኳን ደህና መጣሽ እናቴ! ተመልከች፣ አሁን ዊልቸሩ ሳይነካካ ያልፋል። ከጎረቤት አምጥቼ ሞክሬዋለሁ።”

“የማን ዊልቸር?”

እጁ ቆመ። “የ... የሚመጡት እናት ነው ያሉኝ። ሌላ እናት አለች እንዴ?”

ከዘራዬን ይዤ ጎረቤት ገባሁ። ጥግ ላይ፣ የተሰጣ ልብስ ተደርቦበት፣ ጎማው ላይ ያለው ፕላስቲክ እንኳ ያልተላጠ አዲስ ዊልቸር ቆሟል። የቤቱ ሴት ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች።

ሰኞ፣ ቀትር

ጀማል ለምሳ መጣ። ከተማው የጫት መኪና ጡሩምባ የሚጠብቅበት ሰዓት ነው። ሁዳ የየመን ዓሣ ከነቂጣው አቀረበች፤ ማንም አልነካውም።

“ግንበኛው የሚያውቀውን ንገረኝ።”

“እማዬ፣ ለጥንቃቄ ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ...”

“ለመጀመሪያው ጊዜ ተብሎ ግድግዳ አይፈርስም። ማን ማን ያውቃል?”

“ሁዳ። ጎረቤቶች። እህቴ።”

“ሰሚራስ?”

ዓሣውን አየ። “ታውቃለች።”

እንግዲህ ይህን የምታነቡት እናንተና እኔ ነን ሳናውቅ የቀረነው።

“ለምን?” አልኩት።

“ብነግርሽ ባቡሩ ላይ አትወጪም ነበር።”

“አለመውጣቱም የእኔ ነበር። ሰፈር ሁሉ ቀዳዳውን አይቶ፣ ገዢው ብቻ ያላየው ጨርቅ ሸጬ አውቃለሁ?”

“አንቺ ጨርቅ አይደለሽም።”

“የሚቆርጠኝ ሰው ግን መቀስ ይዟል።”

አለቀሰ። አባቱ ሲሞት ያላለቀሰ ልጅ ነው። እጄን ልዘረጋለት ፈለግኩ፤ አልዘረጋሁም። ልክ ሠራሁ አልልም፤ የሆነውን ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ፤ ሆስፒታል

የሐኪሙ ክፍል ቀዝቃዛ ነው። መስኮቱ ላይ ቁራ ተቀምጦ ወደ ውስጥ ያያል። ሐኪሙ የአከርካሪዬን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ። በብዕሩ አንድ ቦታ አሳየ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ተናገረ። ጀማል ወደ እኔ ዞረ።

“ቀላል ነው፣ አይዞሽ ይላል።”

“ያን ሁሉ አውርቶ? ፈረንሳይኛ ይህን ያህል አባካኝ ቋንቋ ነው?”

የጀማልን ስልክ ከእጁ ወሰድኩና አስካለ ጋ ደውዬ የባቡሯ እናት ነኝ አልኳት። ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ዘይት ሲንጫጫ ይሰማል።

“እማ? የፈረንሳዮቹን ልጆች ምሳ እየጠበስኩ ነው።”

“ሐኪሙ ፊቴ ነው። የሚለውን ሳትቀንሺ ንገሪኝ።”

“ወይ እማ! ልጅሽ የለም እንዴ?”

“አለ። ግን እሱ ‘ትንሽ አሞታል፣ ነይ’ የሚል ዓይነት ሰው ነው።”

ምድጃው ቀጭ ብሎ ሲጠፋ ሰማሁ።

“መርዶ ነጋሪ ታደርጊኛለሽ። በኋላ እንዳትቀየሚኝ።”

“ከቀነስሽብኝ ነው የምቀየምሽ።”

ሐኪሙ ግራ ገብቶት ጀማልን አየው። ጀማል ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም ማን እንደሆንኩ ለሐኪሙ ነገርኩት፤ አስካለ ተረጎመችልኝ። ጨርቅ ሻጭ ነኝ፣ እኔ ቀዳዳውን ሳላሳይ አልቆርጥም፣ አንተም አሳየኝ አልኩት። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ።

“ባትነካኝስ?”

“ካልተነካሽ ቀኙም እንደ ግራው ይደነዝዛል ይላል። ሕመሙም ይብሳል። ሽንትሽም ጨርሶ ከቁጥጥርሽ ይወጣል።”

“ብትነካኝ የሚፈራው ምንድነው?”

“በዕድሜሽ ከማደንዘዣው አለመንቃት አለ ይላል። ቁስሉ ሊያመረቅዝም ይችላል። ቀኝ እግርሽም ወዲያውኑ ሊሽመደመድ ይችላል። ይቅርታ እማ።”

“የአንቺ ጥፋት አይደለም። አንድ ቀረኝ። ድነሽ ትገቢያለሽ የተባለው ቀን ሲመጣ፣ ድሬ ስመለስ፣ ባቡሩ ላይ የምወጣው በእግሬ ነው?”

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ለስልኩ ሳይሆን ለእኔ ነው የተናገረው፣ ቀስ ብሎ፣ ቋንቋውን እንደምሰማ ሁሉ። ጨረሰ።

“አስካለ?”

“አለሁ።”

“ብርቱካኑን ይዘሽ በር ላይ አትቁሚብኝ። ንገሪኝ።”

“‘አይመስለኝም’ ይላል። ‘እግርሽን አልመልስልሽም፤ ዘግይቷል። ዊልቸር አዘጋጅ ብዬ ለልጅሽ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ለአንቺ እንዳልነገረሽ አላወቅኩም። እኔ የምሠራው ቁጭ ስትዪ እንዳያቃጥልሽ፣ ሽንትሽንም ራስሽ እንድትቆጣጠሪ ነው። ቁጭ ብለሽ ጨርቅ መቁረጥ ትችያለሽ፤ እሱም ከተሳካልኝ ነው’ ይላል።”

“ብዕሩን ያቀብለኝ በይው” አልኩና ፈረምኩ።