ሐሚድ የሚሄድበት ዋንዛ

ባለፈው ሳምንት አሶሳ ገበያ ዳር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ሰው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ወፍ ክንፉ እያፏጨ በላያችን አለፈ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ። «የእርኩም ዘመድ ነው፤ ግን ዛፍ ላይ ነው የሚኖረው» አልኩት። የቀረው ለመንገድ የሚሆን ወሬ አልነበረም።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከጎጃም ተመድቤ ባምባሲ አካባቢ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመርኩ። የተከራየሁት ሐሚድ በሚባል የበርታ ሰው ግቢ ነበር። በዕድሜ ታላቅ ወንድሜ የሚሆን፣ ክረምት የሚያርስ፣ በጋ ወንዝ ወርዶ ወርቅ የሚያጥብ፣ ብቻውን የሚኖር፣ አማርኛው የተሰባበረ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። የማሽላ ገንፎውን ከባሚያ ወጥ ጋር ያካፍለኝ ነበር።

ማንጎ በሚበስልበት ወራት ሐሚድ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ እጁን ወደ ጫካ መሄድ ጀመረ። ሲመለስ ጉልበቱ አፈር፣ ጥፍሩ ጭቃ ነው። «ጋሽ ሐሚድ፣ የት ነበርክ?» ስለው፣ «ዱር» ይላል፤ ሌላ የለም።

የሥራ ባልደረባዬ ደሳለኝ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ነበር፤ አገሩን አውቃለሁ ባይ። «አንተ የዋህ! ወርቅ ነው የሚቀብረው» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሰውየው ሳል እንኳ ምልክት መሰለኝ። ገንፎውን እየበላሁ እጁን እጁን አየው ነበር።

አንድ ቀን ተከተልነው። ከትልቅ ዋንዛ ሥር ተንበረከከ፤ ግራ ቀኙን አየና መሬቱን ጭሮ የሆነ ነገር ቀበረ። ከዚያ ቀና ብሎ ግንዱን አየ። እኛም አየን። ከሁለት ሰው ቁመት እምብዛም በማይበልጥ ከፍታ ላይ ግንዱ ውስጥ ያለ ቀዳዳ በጭቃ ተለስኗል፤ መሐሉ ላይ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ቀርታለች። ደሳለኝ ክንዴን ጨመቀኝ።

አርብ ሐሚድ መስጊድ ሲሄድ ተመለስን። መሬቱን ብንቆፍር የሾላ ፍሬና የወፍ ኩስ ብቻ ወጣ። «ይሄ ማሳሳቻ ነው፤ ዋናው እላይ ነው» አለ ደሳለኝ። ትከሻው ላይ ቆሜ ልስኑን በቢላዋ መታሁት። እንደ ሸክላ የጠነከረ ነበር። ግማሹ ሲረግፍ እጄን ሰደድኩ፤ የሆነ ነገር እንደ ጉጠት ያዘኝ። ጮኼ ወደቅኩ።

ከቀዳዳው ረጅም ምንቃር ብቅ አለ፤ ከኋላው ጫጩት ይንጫጫል። ወዲያው አየሩን እየሰነጠቀ ወንዱ መጣ፦ ጥቁር፣ ወገቡ ነጭ፣ ጉንጩ ብርማ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የጫነ የሚመስል። ጉሮሮው በሾላ ተወጥሯል። እኛን አይቶ ቅርንጫፍ ላይ ቀረ።

ዞር ስል ሐሚድ ከመስጊድ ተመልሶ ቆሟል። አልጮኸም።

«ኡስታዝ፣ ለምን እኔን አልጠየቀም?» አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትቀብረው?» አልኩ፣ እጄ እየደማ።

«ፍሬ ከላይ ይወድቃል። ልጆች ፍሬ ካየ፣ ወፍ እዚህ አለ ይላል፤ ይገድላል። ሴት ወፍ በሩን ራሱ ዘጋ፣ ልጅ እስኪያድግ። ባል ያበላል።» ቀና ብሎ ቀዳዳውን አየና፣ «ለአንተ አልነገርኩም። ወላሂ፣ እኔም አንተን ፈራ» አለ።

ወንዱ ተመልሶ ያበላት እንደሆነ ለማየት ሦስታችንም ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀን እስኪመሽ ጠበቅን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዱ ወረደና ፍሬውን አንድ በአንድ አቀበላት። ሴቷም በሳምንቱ ያፈረስኩባትን መልሳ ለሰነችው።

ይቅርታ ስጠይቀው ሐሚድ አፉ አለኝ፤ ገንፎውንም አልከለከለኝም። ግን በዚያው ሰሞን ባምባሲ ገበያ ሄዶ ቁልፍ ገዛ። እስከዚያ ቀን በሩን በገመድ ብቻ ነበር የሚያስረው። መክፈቻውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲወጣ ሲገባ እያየሁ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ለምን አልጠየቀም ያለውን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ጠይቄው ነበር እኮ። ግን ስጠይቀው ዓይኔ ጥፍሩ ላይ ነበር።

ዛሬ እኔም አከራይ ነኝ። ከተከራዮቼ አንዱ፣ ወጣት መምህር፣ ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ የታሸገ ካርቶን ይዞ ይገባል። ምን እንደሆነ አላውቅም። ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ ክስ ሳይመስልበት እንዴት አድርጌ እንደምጠይቀው ግን በዚህ ዕድሜዬም አላወቅሁም።